በቤት ስሙ

ባለፈው ቅዳሜ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ አጎቱ ሞተውበት ለቅሶ ልደርሰው ሲግናል ሰፈር ሄጄ፣ ድንኳኑ ውስጥ ገና ከመቀመጤ እንባዬ ዱብ ዱብ ይል ጀመር። ሟቹን በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም፤ ስማቸውንም የሰማሁት ታክሲ ውስጥ ሆኜ በስልክ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ጉልበቴን መታ መታ እያደረጉ "የቅርብ ዘመድ ነሽ ልጄ?" ሲሉኝ ምን ልበል፣ አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ፤ እሳቸውም ከልባቸው አዝነው ንፍሮ አዘገኑኝ። ጉድ ነው መቼም፣ በሰው ለቅሶ የራሴን አልቅሼ የሰው ንፍሮ በልቼ መጣሁ። ያስለቀሰኝ ሽታው ነው። ዝናብ የጠገበ ሸራ የረፋድ ፀሐይ ሲያገኘው ጎማም፣ አቧራም፣ የብዙ ሰው ላብም የሚመስል ሽታ ያወጣል፤ ያን ሽታ እኔ መጀመሪያ ያወቅሁት ከለቅሶ ቤት ሳይሆን ከቪዲዮ ቤት ነው።

ሰፈራችን ከኮተቤ መንገድ ወደ ላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከሚጀምርበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር። ክረምት ሲሆን ከጫካው የሚወርደው ጎርፍ ቅጠልና ጭራሮ ጭኖ በደጃችን ያልፋል፤ በጋ ሲሆን ነፋሱ የጣሪያችንን ቆርቆሮ ጫፍ ይዞ ሲያንኳኳ ይውላል። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አንድ ሰውዬ ቪዲዮ ቤት ከፍተው ነበር። ቤት አልኩት እንጂ ቋሚ ተተክሎ ዙሪያውንና ላዩን ሸራ የተወጠረበት፣ ውስጡ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክና ሰው ሲበዛ የሚንጋደዱ አግዳሚ ወንበሮች ያሉበት ነገር ነው። ሴት ልጅ እዚያ ገባች ማለት ለሰፈሩ የሳምንት ወሬ ስለሆነ፣ እኔ ከውጭ ቆሜ አፍንጫዬን ሸራው ላይ ለጥፌ የመኪናውን ግጭት፣ የጥይቱን ድምፅ፣ የወንዶቹን ፉጨት እሰማለሁ፤ ወንድሜ ወጥቶ ወደ ቤት እስኪያባርረኝ ድረስ ንቅንቅ አልልም።

ወንድሜ በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። ትምህርት ቤት መስፍን ይባላል፤ ቤታችን ውስጥ ግን መስፍን ብሎ የሚጠራው ሰው አልነበረም። እማዬ ጺም አውጥቶም ማሙሽ ነው የምትለው፤ ጓደኞቹ ፊት ስትጠራው ጆሮው ድረስ ይቀላል። እኔ ወንድም ጋሼ እለዋለሁ። አባዬ ደግሞ ሽማግሌው ይለዋል፤ ምክንያቱም የአራት ዓመት ልጅ ሳለ ሁለት ጎረቤቶቻችን በአጥር ጉዳይ ሲጨቃጨቁ መሀላቸው ገብቶ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ "ተዉ፣ ነውር ነው" ብሎ አስቋቸው ነበር አሉ። አባዬ ከሚሠራበት መዝገብ ቤት ሲመለስ ገና ከበሩ "ሽማግሌው የት አለ?" ሲል፣ የማያውቀን እንግዳ አያታችንን የሚፈልግ ይመስለው ነበር።

ወንድም ጋሼ ፊልም ባየ ቁጥር ግቢያችን ውስጥ ካለው የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተርክልኛል። የእሱ እንግሊዝኛ እንኳን ፊልም ሊያስተረጉም ማትሪክም አላሳለፈው፤ ስለዚህ ያልገባውን ሁሉ ከራሱ ይሞላዋል። የፈረንጅ ፖሊሶች በእሱ አፍ በእመቤታችን ይምላሉ፤ ቦሱ፣ ክፉውን ሰውዬ ቦሱ ነው የምንለው፣ ሊሞት ሲል የንስሐ አባቱን ያስጠራል። ጀግናው ደግሞ አክተሩ ነው። አክተር ማለት እንዲያው ተዋናይ ማለት መሆኑን ያወቅሁት ሃይስኩል ገብቼ ነው፤ ለእኛ ለሰፈሩ ልጆች አክተር ማለት አንዱና ብቸኛው፣ የማይሞተው ሰው ነበር። አክተር አይሞትም። ሕጋችን ነው። አንዱ ፊልም መሀል ላይ ከሞተ "ለካ አክተሩ እሱ አልነበረም" ይባልና ሌላ አክተር ይፈለጋል እንጂ ሕጉ አይነካም።

ሕጉ የተነካው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ያን ሰሞን የሚታየው አረንጓዴ ካባ የለበሰ፣ ጥይት የማይበሳው፣ የሚሮጥ የጭነት መኪና በደረቱ የሚያቆም ሰውዬ ነበር፤ ከተማው ሁሉ ባለ ካባው ይለዋል። ድልድይ ሊፈርስ ሲል ትከሻውን ከሥር አስገብቶ ሕዝቡ ተሻግሮ እስኪያልቅ ተሸክሞ ቆየና፣ የመጨረሻዋ አሮጊት ስታልፍ ድልድዩ ላዩ ላይ ወረደ። ከፍርስራሹ ሲያወጡት ሞቷል። ልክ ፊቱን ሲሸፍኑት መብራት ሄደ። ልጆቹ ቢጠብቁ ቢጠብቁ መብራቱ ሳይመጣ ቀረ፤ በማግስቱም ካሴቱ ላከራየው ሰው ተመለሰ። የቀረውን ያየ ሰው በሰፈራችን የለም። ያን ቀን ከሸራው ሥር የወጡት ልጆች ቀብር እንደ ዋለ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ሲበተኑ አሁንም ይታየኛል።

እኔ እራት አልበላም አልኩ። የስምንት ዓመት ልጅ ነኝ፣ እልኸኛ ነኝ፣ ባለ ካባው ሞቶ ሽሮ የሚያስበላ አንጀት አልነበረኝም። እማዬ ተቆጣች፣ አባዬ ሳቀ። ወንድም ጋሼ ግን በማግስቱ ድንጋዩ ላይ አጠገቡ አስቀምጦኝ መጨረሻውን ሌላ ቦታ ሄጄ አየሁት አለኝ። ውሸቱን ነው፤ ውሸቱን መሆኑን ሳላውቅ ግን ብዙ ዓመት ኖርኩ።

በእሱ ፊልም ሐኪሞቹ ባለ ካባው ብለው ጠሩት፣ ዝም። ወታደሮቹ ጠሩት፣ ዝም። ከንቲባው በድምፅ ማጉያ ጠሩት፣ ዝም። በኋላ እናቱ ከገጠር ነጠላዋን አጣፍታ መጣችና "ምን ያንጫጫችኋል፣ ልጄ እኮ ይህን ስም አያውቀውም" ብላ፣ ጆሮው ሥር ጎንበስ ብላ በቤት ስሙ ጠራችው። ጣቱ ተንቀሳቀሰ። እህቱም በምትጠራበት ስም ጠራችው፤ እጁ ተንቀሳቀሰ። አባቱ ግን ተኳርፈው ኖሮ በሩ ላይ ቆሞ ዝም አለ፤ እሱ ዝም ሲል የልጁ እጅ መልሶ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ አባትየው አላስችል ብሎት ሲጠራው፣ ባለ ካባው ብድግ አለና "ርቦኛል" አለ። እኔ ነገር ማጥበቅ እወድ ስለነበር አባቱ ባይጠራውስ ኖሮ ብዬ ጠየቅሁት። "አይነሣማ" አለኝ። "ከቤት ሰው አንድ ከጎደለ አይሠራም። ሁሉም መጥራት አለበት።" ያን ቀን ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ከዓመት በኋላ በሰሜን ጦርነቱ መጣ። ማትሪክ ያላለፉ የሰፈራችን ልጆች ተያይዘው ሄደው ሲመዘገቡ ወንድም ጋሼም አብሮ ተመዘገበ። ማንም አላስገደደውም፤ እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። እማዬ ስታለቅስ ሰነበተች፤ አባዬ ወፍራም ካልሲ ገዝቶ አመጣለትና ካልሲውን ሁለት ጊዜ አጣጥፎ ሰጠው። በሽኝቱ ቀን ሰፈሩ በጭብጨባ ሸኛቸው። እኔን ትከሻው ላይ አድርጎ እስከ አስፋልቱ ወረደና ሲያወርደኝ ዓይኑን ጠቀስ አድርጎ "አክተር አይሞትም፣ አይደል?" አለኝ። አይሞትም አልኩት። ከልቤ ነው ያልኩት።

መርዶው እንደ ወጉ ሊነጋጋ ሲል መጣ። የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩን ሲያንኳኩ፣ እማዬ ገና ድምፃቸውን ሳትሰማ እግራቸውን በበሩ ሥር አይታ ወደቀች። አስከሬን የለም፤ አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ረፋዱ ላይ የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን በጋሪ አምጥተው ግቢያችን ውስጥ ቋሚ መትከል ጀመሩ፤ ሴቶቹ ደረት እየመቱ ነው፤ እማዬ መሬት ላይ ተዘርግታ ድምፅዋ አልቆ ትንፋሽ ብቻ ሆናለች። ወረቀቱን አየሁት። ማንበብ የምችል ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ፣ ምነው ባልሆንኩ። መስፍን ይላል፣ ከአባዬ ስም ጋር።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ እድሜ ልኬን ብታጠብ የማይለቀኝን ነገር ያደረግሁት። እማዬ ጎን ተንበርክኬ ቀሚሷን ጎተት አደረግሁና በጆሮዋ "እማዬ፣ የጠሩት እኮ መስፍን ብለው ነው" አልኳት። "እኛ በቤት ስሙ አልጠራነውም።" ከዚያ በዚያ ሁሉ ዋይታ መሀል የባለ ካባውን ታሪክ ነገርኳት፤ ጣቱን፣ እጁን፣ በር ላይ የቆመውን አባት፣ ሁሉም የቤት ሰው መጥራት እንዳለበት፣ አንድም ሳይቀር። እማዬ ዓይኔን አየችኝ። ልጅ ምን ያህል ሊያጠፋ እንደሚችል ያን ዓይን ያየሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ተነሣች። አቧራዋን እንኳን ሳታራግፍ ከግቢው ወጥታ ወደ መንገዱ ዞረችና "ማሙሽ!" ብላ ጠራችው፣ ሽሮው ሊቀዘቅዝ ነው ብላ ከጨዋታ እንደምትጠራው። ሴቶቹ ደረት መምታቱን ተዉ። እኔም አጠገቧ ቆሜ "ወንድም ጋሼ!" ብዬ ጠራሁት።

ከዚያ ሁለታችንም ወደ አባዬ ዞርን። ከድንኳኑ ቋሚ አጠገብ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሞ ነበር። እማዬ በቀስታ "ጥራው" አለችው። እሷን አያት፤ እኔን አየኝ፤ አፉን ከፈት አድርጎ መልሶ ዘጋውና ወደ ቤት ገባ። እማዬ ትንሽ ጠበቀችው። ሳይወጣ ሲቀር ወደ እድሩ ሰዎች ዞራ "ድንኳን ለሞተ ሰው ነው፤ ንቀሉልኝ" አለች። ተያዩ፣ አንገራገሩ፣ በኋላ ነቀሉት።

አበደች ተባለ። አላበደችም። ሥራዋን ትሠራለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ የትምህርት ቤቴን ወላጅ ስብሰባ አንድ ቀን አልቀረችም። ብቻ ጥቁር አልለበሰችም፣ ተዝካር አላወጣችም፣ አንድም ሰው እግዚአብሔር ያጽናሽ እንዲላት አልፈቀደችም። ሴቶቹም ቢሆኑ ሞተ ያልተባለ ልጅን እንዴት ብለው ያጽናኑ፤ አንድ በአንድ እግራቸውን ሰበሰቡ። እራት ላይ ግን፣ ማታ ማታ ሳይሆን አልፎ አልፎ፣ ጨው አቀብለኝ በሚባልበት ድምፅ አባዬን "አንድ ጊዜ ጥራው" ትለዋለች። ቁጣ የለውም፣ ልመናም አይመስልም። አባዬ እጁን ታጥቦ ይነሣል።

እኔ ደግሞ በራሴ መንገድ ቀጣሁት። ከልጅነቴ ጀምሮ አንተ የምለውን አባቴን አንቱ ማለት ጀመርኩ። "ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ ይብሉ።" ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ አሳደጉ ብሎ ያመሰግነዋል፤ አባዬ አንገቱን ደፍቶ ምስጋናውን ይቀበላል፤ እኔ ለምን እንደማደርገው ያውቃል፣ እንደሚያውቅም አውቃለሁ። ወንድም ጋሼን የገደለው እሱ ነበር ለእኔ። ጥይት ምን አገባኝ፤ ጥይቱን በስም ማሳት ይቻል ነበር፣ አባዬ አልጠራም።

ላምበረት መናኸሪያ ሲከፈት እማዬ ጡረታ ወጥታ ነበር። ከሰሜን የሚመጣው አውቶቡስ ደጃችን ድረስ መጣልኝ ብላ ደስ አላት፤ ከዚያ በፊት መርካቶ አውቶቡስ ተራ ድረስ ትሄድ እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ከሰዓት በኋላ ነጠላዋን አጣፍታ ትወርዳለች። አንዲት ሻይ የምታፈላ ልጅ ዱካ ስባ ታስቀምጣታለች፤ ዕቃ ተሸካሚዎቹ እናቴ እያሉ ሰላም ይሏታል፤ አውቶቡሱ ሲገባ ትነሣለች። አንድ ቀን ልወስዳት ሄጄ ከሩቅ ቆሜ አየኋት። ወንድም ጋሼ ቢኖር ሠላሳ ሊደፍን ነው። እማዬ ግን ሠላሳ ዓመት የሆነውን ሰው ሁሉ እያሳለፈች ፊታቸውን የምትመረምረው የሚወርዱትን የዐሥራ ስምንትና የሃያ ዓመት ልጆች ነበር። ያን ቀን እንደ መጣሁ ሳልጠራት ተመለስኩ።

ከዓመታት በኋላ በአንድ ክረምት ብርድ መትቷት ሳንባዋን አመማትና በሳምንቷ ሞተች። ነፍሷ ልትወጣ ስትል እንኳን እኔን አልመከረችኝም፤ "አባትሽን ለምኚልኝ" ነው ያለችኝ። ድንኳኑ ያኔ ከተነቀለ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ግቢያችን ውስጥ ተተከለ። ያረጁት የሰፈራችን ሴቶች መጥተው፣ ስንት ዓመት የከለከለቻቸውን ለቅሶ በእሷ ቀብር ላይ አወረዱት፤ ሙሾ አውራጇ መስፍን ብላ ስትጀምር የምይዘውን አጣሁ።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ነው አባዬን የጠየቅሁት። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሁለታችን ብቻ ነን፣ ሻይ ቀድቼለት ነበር። ለምን አልጠሩትም አልኩት፣ በአንቱ። ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ "ጠርቼዋለሁ" አለኝ።

መርዶው በመጣ በመጀመሪያው እሑድ፣ እኛ ቤተ ክርስቲያን የሄደ መስሎን፣ ባሕር ዛፉን አቋርጦ ቤት እስከማይታይበት ድረስ ወጥቶ፣ ሰው አለመኖሩን ዞር ዞር ብሎ አረጋግጦ "ሽማግሌው!" ብሎ ጠራው። በሚቀጥለው እሑድም ወጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ወጣ። አንድ ቀን እንደ ልማዱ ሲጠራ ከዛፎቹ ውስጥ "አቤት" የሚል ድምፅ መለሰለት። አባዬ ይህን ሲነግረኝ ፈገግ ሊል ሞክሮ አልሆነለትም። ያን ጊዜ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ መጣ፣ አለ በልቡ። ከዛፎቹ መሀል የወጡት ጭራሮ የተሸከሙ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ማን ነው የጠራኝ እያሉ። አባዬ ተነሥቶ ይቅርታ ጠየቃቸው፣ ሸክማቸውን ተቀብሎ እስከ መንገዱ አደረሰላቸው፤ ከዚያ በኋላ ዳግመኛ አልወጣም።

"ታዲያ ለምን አልነገርከንም?" አልኩት። አንተ ማለቴን ያስተዋልኩት ካልኩ በኋላ ነው።

"ብነግራችሁ ምን ይቀራችሁ ነበር?" አለኝ። "እሱ አልጠራም ስትሉ ገና የሚጠበቅ አንድ ነገር አለ። እናትሽ እኔን እየጠላች መኖር ትችል ነበር። ጠራሁት፣ አልመጣም ብላት ኖሮ በምን ትኖር ነበር?"

ከዚያ በኋላ አባዬን ያገኘሁት ለሁለት ዓመት ብቻ ነው። ልጅነቴን ሙሉ፣ ወጣትነቴን ሙሉ ፊት ነሥቼው፣ እሱ ባሕር ዛፍ ሥር እየጮኸ የተመለሰበትን እሑድ ሁሉ "ይብሉ" እያልኩ ምሳ አቅርቤለት፣ አባት እንዳለኝ ሳውቅ የቀረችን ሁለት ዓመት ነበረች። እሱም ባልነገርኳት ኖሮ ይሻል ነበር ብሎ እንደሚያስብ ከፊቱ ይታወቅ ነበር፤ እውነቱን ነው። ምክንያቱም፣ ማፈሪያ ቢሆንም ልናገረው፣ ዲግሪ ይዤ፣ ደመወዝተኛ ሆኜ፣ የሞተ እንደማይመለስ ለሌላ ሰው እየመከርኩ፣ ውስጤ ያለችው የስምንት ዓመት ልጅ አንድ ቀን አባዬ አላስችለው ይልና ይጠራው ይሆናል ብላ ትጠብቅ ነበር። ያን ቀን ሻዩ ሳይጠጣ ቀዘቀዘ። እማዬ ጠርታዋለች። እኔ ጠርቼዋለሁ። አባዬም ጠርቶታል፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየእሑዱ። ከቤታችን ያልጠራው ሰው የለም።